የዩራኒየም ፍካት በምንጭ ውሃ ውስጥ

አየር በሚደርሰው ውሃ ውስጥ የሟሟ ዩራኒየም ብቻውን አይገኝም። አንዱ የዩራኒየም አቶም ከግራና ከቀኝ በሁለት የኦክሲጅን አቶሞች ይያዛል፤ ሦስቱም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ይህ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቅንጅት ዩራኒል አዮን ይባላል። በዩራኒየሙና በእያንዳንዱ ኦክሲጅን መካከል ያለው ርቀት 0.18 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ትስስሩም ጠንካራ ስለሆነ በተራ ውሃ ውስጥ የሚገኝ ነገር አይፈታውም። የሚለዋወጠው በወገቡ ዙሪያ ያለው ነው። አሲዳማ በሆነ ንጹህ ውሃ ውስጥ ዩራኒሉን ወገቡ ላይ አምስት የውሃ ሞለኪውሎች ይከቡታል። ውሃው ፎስፌት፣ ፍሎራይድ ወይም ካርቦኔት ካለበት ደግሞ የውሃ ሞለኪውሎቹ ቦታቸውን ለእነዚህ ይለቃሉ፤ በዚህ መንገድ የሚገኙት ልዩ ልዩ ቅንጅቶች የዩራኒየም ኮምፕሌክሶች ናቸው። ዩራኒየም ያለበት ውሃ ብርሃን ሲያርፍበት ይፈካ እንደሆነ፣ በምን ቀለምና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚፈካም የሚወስነው ይኸው የወገብ አጀብ ነው።

ፍካት፣ በሳይንስ ስሙ ሉሚኔሰንስ፣ አንድ ነገር ሳይግል የሚሰጠው ብርሃን ነው። ዩራኒል አልትራቫዮሌትና ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል። ከሚታየው ብርሃን ውስጥ በ414 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ወይንጠጅ ስለሚቀንስ ሙሙቱ በቀን ብርሃን ቢጫ መስሎ ይታያል። በጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ግን የዋጠውን ጉልበት ከፊሉን በአረንጓዴ ብርሃን መልሶ ይሰጣል። አረንጓዴው በመሣሪያ ሲተነተን አንድ ወጥ ቀለም ሳይሆን በ488፣ በ510 እና በ533 ናኖሜትር አካባቢ ጎልተው የሚታዩ፣ በግራና በቀኝም ደብዘዝ ያሉ ጓደኞች ያሏቸው መስመሮች ሆኖ ይገኛል። መስመሮቹ የሚራራቁት ሁለቱ ኦክሲጅኖች ከዩራኒየሙ እየራቁና እየቀረቡ እንደ መሰንቆ ጭራ ስለሚርገበገቡ ነው። ርግብግቢቱ በሰከንድ 26 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ከቀዳሚው የሚያንሰው በአንድ የርግብግቢት ጉልበት ልክ ነው። ሌላ ንጥረ ነገር ይህን መልክ በቀላሉ አይመስለውም፤ ስለዚህ የመስመሮቹ አሰላለፍ ዩራኒየምን ለይቶ ለማወቅ ያገለግላል።

ይህ ብርሃን ከራዲዮአክቲቭነት ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። ዩራኒየምን እ.ኤ.አ. በ1789 በርሊን ላይ ያገኘው ማርቲን ክላፕሮት ነው። በአውሮፓ በ19ኛው መቶ ዘመን ዩራኒየም ብርጭቆን ቢጫና አረንጓዴ ለማድረግ ይጨመር ነበር። ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 ፍሎረሰንስ የተባለውን የፍካት ዓይነት ባጠናበት ታዋቂ ሥራው ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የዩራኒየም ብርጭቆ ነው። ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ደግሞ መብራቱ ከጠፋ በኋላ የሚቀረውን አጭር ፍካት የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ የዩራኒየም ጨዎችን መረመረ። ልጁ ሄንሪ ቤክሬል እ.ኤ.አ. በ1896 የአባቱን ሥራ ሲቀጥል የዩራኒየም ጨው ፀሐይ መትቶት ሲፈካ የተለየ ጨረር ይሰጣል ብሎ ነበር የተነሣው። ፓሪስ ደመናማ በመሆኗ ጨውንና የፎቶግራፍ ሰሌዳውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠ፤ በመጋቢት መጀመሪያ ሰሌዳውን ሲያጥበው ፀሐይ ሳይነካው ጠቁሮ አገኘው። ከዚያ በኋላ የማይፈኩ የዩራኒየም ጨዎችን፣ ቀጥሎም ንጹሑን የዩራኒየም ብረት ሞከረ፤ ሁሉም ሰሌዳውን አጠቆሩት። ጨረሩ ከአቶሙ እምብርት የሚመጣ ሲሆን ምንም ነገር ቢጠጋው አይለወጥም። ፍካቱ ግን የውጭ ኤሌክትሮኖች ሥራ ስለሆነ በአጠገቡ ያለው ነገር ሁሉ ይለውጠዋል። ለውሃ ምርመራ ጠቃሚ የሆነውም ይህ ተለዋዋጭነቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ሲመታው ከኦክሲጅኖቹ አንድ ኤሌክትሮን ባዶ ወደሆነው የዩራኒየም ምሕዋር ይሻገራል። ወደ ቦታው ሲመለስ ጉልበቱን በብርሃን ይለቃል፤ መመለሻው መንገድ ግን በኳንተም ሕግ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ አይመለስም። የተለመዱ የማቅለሚያ ውህዶች ፍካታቸውን በጥቂት ናኖ ሰከንድ ይጨርሳሉ። በአሲዳማ ውሃ ውስጥ ያለ ዩራኒል ግን ወደ ሁለት ማይክሮ ሰከንድ ይቆያል፤ ይህ ከእነርሱ በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ጊዜ ነው። በፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ደግሞ ከመቶ ማይክሮ ሰከንድ ያልፋል።

በዚህ የቆይታ ጊዜ ውስጥ የተነቃቃው ዩራኒል ኤሌክትሮን የጎደለው በመሆኑ ከጎረቤቶቹ አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ እጅግ ይቸኩላል። ክሎራይድ፣ ብሮማይድና አዮዳይድ ኤሌክትሮናቸውን ለመስጠት ስለማያስቸግሩ ዩራኒሉ ብርሃን ሳይሰጥ ወደ መጀመሪያው ሁኔታው ይመለሳል፤ በዚህ አዮዳይድ ይበረታል፣ ክሎራይድም ቢሆን አያንስም። ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ ያለ ዩራኒየም ለመሣሪያ የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው። የሟሙ ብረትና ማንጋኒዝም እንዲሁ ፍካቱን ያከስማሉ። በክረምት ከማሳና ከሣር መሬት የሚወርድ ቡናማ ውሃ በያዛቸው የበሰበሱ ዕፀዋት ውህዶች የተነሣ ሁለት ጉዳት አለው፤ ውህዶቹ መጪውን ብርሃን ራሳቸው ይውጣሉ፣ የተነቃቃውን ዩራኒልም ያከስማሉ። ፍሎራይድ ከእነዚህ ወገን አይደለም። ኤሌክትሮኑን አጥብቆ ስለሚይዝ አይነጠቅም፤ በዩራኒሉ ወገብ ላይ ሲቀመጥም ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። የውሃ ሞለኪውሎች እየተንቀጠቀጡ ጉልበት ስለሚሰርቁ መውጣታቸው ፍካቱን ያበረታል። ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ሙሙቱ ሲሞቅ ፍካቱ ያጥራል፣ ሲቀዘቅዝ ይረዝማል። ስለዚህ በሁለት ቤተ ሙከራዎች በተለያየ ሙቀት የተለካ አንድ ናሙና ሁለት የተለያየ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

የአሲድ መጠኑ ሲቀንስም አጀቡ ይለወጣል። ሁለት ዩራኒሎች በሁለት ሃይድሮክሳይድ ተያይዘው፣ ወይም ሦስቱ በአምስት ሃይድሮክሳይድ ተሰብስበው ይገኛሉ፤ እነዚህ ከብቸኛው ዩራኒል ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይፈካሉ፣ መስመሮቻቸውም ወደ ቀዩ ወገን ይሸሻሉ። ይህ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሌለበት፣ ዩራኒየሙም በርከት ባለበት የቤተ ሙከራ ሙሙት ውስጥ የሚታይ ነገር ነው። ከተራራ የሚወጣ ውሃ ሌላ ታሪክ አለው።

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያለው ውሃ የሚፈልቀው ከባዛልት ነው። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ቁልቁል የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ይህን ዓለት በጉልህ ያሳያል፤ የላቫ ንብርብር በላቫ ንብርብር ላይ ተደራርቦ ገደሉን ይሠራል። ይህ የሊማሊሞ ቁርጥ ለጂኦሎጂ ሊቃውንት የታወቀ ማመሳከሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በኔቸር መጽሔት የወጣው የሆፍማንና የባልደረቦቹ ጥናት የኢትዮጵያ ሰሜናዊ ደጋ ባዛልት ዋናው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት በማይሞላ ወይም በዚያ ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ አሳይቷል። ከዚህ መሠረት በላይ የሰሜን ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ተነሥቶ እስከ ራስ ደጀን ድረስ ዘለቀ። ባዛልት በዩራኒየም ድሃ ዓለት ነው። በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ በግራናይት ውስጥ ግን ሦስትና አራት ሚሊ ግራም መገኘቱ የተለመደ ነው።

የክረምቱ ዝናብ ወደ አፈሩ ሲሰርግ ከሥሮችና ከብስባሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ለስላሳ አሲድ ይሆናል። አሲዱ በላቫው ስንጥቆች ውስጥ ሲወርድ የባዛልቱን ማዕድናት ቀስ በቀስ ያፈርሳል፤ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሶዲየም ይለቀቃሉ፣ አሲዱም ወደ ባይካርቦኔት ይለወጣል። ውሃው ቀዳዳ የሌለው ንብርብር ወይም በሁለት ላቫዎች መካከል የተኛ ጥንታዊ አፈር ሲገጥመው ወደ ጎን ይሄድና በገደሉ ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ምን እንደያዘ ለማወቅ መሣሪያ ሳያስፈልግ በየቤቱ የሚታይ ምልክት አለ፤ ማንቆርቆሪያ ሲከራርም ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ውሃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚወጣ ባይካርቦኔቱ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል፤ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆም ታች ይቀራል። የዩራኒሉን ወገብ የሚይዙትም እነዚሁ ሁለቱ፣ ካርቦኔትና ካልሲየም ናቸው።

ባይካርቦኔት ባለበትና ከሰባት በላይ ፒኤች ባለው ውሃ ውስጥ ሦስት ካርቦኔቶች ዩራኒሉን ከበው ይይዙታል። የተገኘው ኮምፕሌክስ አራት ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ በተለመደው የክፍል ሙቀት ፍካቱ ከመለኪያ በታች ስለሆነ የሌለ ያህል ነው። አጥኚዎች እንዲህ ያለ ናሙና በፈሳሽ ሂሊየም አቀዝቅዘው ወደ ፍጹም ዜሮ ሲያስጠጉት ግን አረንጓዴው ብርሃን ይመለሳል። ስለዚህ ጨለማ መሆኑ ዩራኒየም አለመኖሩን አያመለክትም፤ የሞቀው ሙሙት ጉልበቱን ብርሃን ከመሆኑ በፊት ወደ ሙቀት ስለሚያሸሸው ነው። ካልሲየም ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ሁለት የካልሲየም አዮኖች ከካርቦኔቶቹ ውጭ ይቀመጡና አራቱን ኔጌቲቭ ቻርጅ ያጣፋሉ፤ ኮምፕሌክሱ ምንም ቻርጅ የሌለው ይሆናል፣ ደካማ ፍካትም ያገኛል። በጀርመን ድሬስደን አጠገብ በሚገኘው የሮሰንዶርፍ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ጌርት ቤርንሃርትና ባልደረቦቻቸው ይህን ኮምፕሌክስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያስተዋወቁት በሳክሶኒ፣ ሽሌማ በተባለው የቀድሞ የዩራኒየም ማዕድን ቦታ ከተከመረ ፍርስራሽ በሚያንጠባጥብ ውሃ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ማረጋገጫ የፍካቱ ዕድሜ 43 ናኖ ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ይህ በአሲዳማ ውሃ ካለው ዩራኒል ከአርባ እጥፍ በላይ ያጠረ ነው። መስመሮቹም ወደ ሰማያዊው ወገን ተጠግተው በ465፣ በ484 እና በ504 አካባቢ ይታያሉ። ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ያለው ዩራኒየም በአብዛኛው ሦስት ካርቦኔት ብቻ የያዘው ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ያን አስተሳሰብ የለወጠው አጭርና ደካማ የብርሃን ብልጭታ መሆኑ ለዚህ የምርመራ ዘዴ ትልቅ ምስክር ነው።

ግኝቱ ከኬሚስቶች ክፍል ውጭም ትርጉም አለው። ቻርጅ የሌለው ኮምፕሌክስ ቻርጅ ባላቸው የሸክላና የብረት ዝገት ቅንጣቶች ላይ በቀላሉ አይጣበቅም፤ ስለዚህ ከውሃው ጋር ርቆ ይጓዛል። ባክቴሪያዎችም ዩራኒየሙን ወደማይሟሟ መልክ ለመለወጥ ይቸገራሉ። ማግኒዚየም ተመሳሳይ ኮምፕሌክስ ይሠራል፤ ከባዛልት የሚወጣ ውሃ ከካልሲየም ጋር በርከት ያለ ማግኒዚየም ስለሚይዝ ሁለቱንም መቁጠር ይገባል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ምንጮች ዓይነት ውሃ ውስጥ የምትገኝ የዩራኒየም ቅንጣት በኬሚስትሪው ስሌት የምታርፈው እዚህ ነው፤ መጠኗ ጥቂት፣ ጓዟ ካርቦኔትና ካልሲየም፣ ፍካቷም ደብዛዛ።

የዩራኒየም ጥያቄ በኢትዮጵያ ክብደት የሚያገኘው በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነው። በዚያ ዓለቱ በአብዛኛው ሪዮላይት፣ ኢግኒምብራይትና ኦብሲዲያን የመሰለ በሲሊካ የበለጸገ እሳተ ገሞራዊ ዓለት ሲሆን ከደጋው ባዛልት ይልቅ ዩራኒየምም ፍሎራይድም በብዛት ይይዛል። ውሃውም ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ ከዓለቱ የወጣውን ዩራኒየም በካርቦኔት ይዞ ያቆየዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሌመንስ ራይማንና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከጉድጓዶች፣ ከምንጮችና ከወንዞች የተቀዱ 138 ናሙናዎችን መርምረው ባሳተሙት ጥናት ዋናው ችግር ፍሎራይድ ሆኖ ተገኘ፤ ከሁሉም ናሙናዎች 33 በመቶው በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ነበራቸው። ዩራኒየም ደግሞ ከጉድጓዶቹ በ47 በመቶው ውስጥ በሊትር ከ2 ማይክሮ ግራም አልፎ ተገኘ።

ይህ 47 በመቶ ሲጠቀስ የመለኪያው ድንበር አብሮ ካልተነገረ ሰውን ያለ ልክ ያስደነግጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው መመሪያ 2 ማይክሮ ግራም በሊትር ነበር፤ በ2004 ወደ 15፣ በ2011 ደግሞ ወደ 30 ከፍ አድርጎታል፤ 30ውም ጊዜያዊ ተብሎ የተቀመጠ ነው። ድንበሩ የተመሠረተው በዋናነት ዩራኒየም በኩላሊት ላይ በሚያደርሰው ኬሚካላዊ ጉዳት ላይ ነው፤ ከመጠጥ ውሃ ጋር የሚገባው ዩራኒየም አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ከሰውነት ይወጣል፣ የሚገባው ጥቂቱ ግን ኩላሊትን ያጠቃል። ለንጽጽር የባሕር ውሃ በሊትር ከ3 ማይክሮ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ዩራኒየም አለው። ስለዚህ መለኪያው ከአንድ ማይክሮ ግራም በታች ያለውን መጠን ለይቶ ማየት ይጠበቅበታል።

ፍካት ለዚህ ሥራ የዋለው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቪየና ላይ ፍሪድሪክ ሄርኔገርና ቤርታ ካርሊክ ውሃውን አትንነው ቀሪውን ከሶዲየም ፍሎራይድ ጋር በማቅለጥ፣ የቀዘቀዘችውን ጠጠር በአልትራቫዮሌት ብርሃን አፍክተው በባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ዩራኒየም ለኩ። በ1970ዎቹ ሌዘር ያላቸው መሣሪያዎች ሲመጡ ማቅለጡ ቀረ። ናሙናው ጣት በምታህል ብርጭቆ ውስጥ ይደረጋል፤ የናይትሮጅን ሌዘር የ337 ናኖሜትር ብልጭታ ይሰጣል፣ አረንጓዴው ፍካትም በማጣሪያ በኩል ይነበባል። ናሙናው እንዳለ ቢገባ ግን ካርቦኔቱ ፍካቱን ስለሚሸፍነው ዩራኒየም የለም የሚል የተሳሳተ ውጤት ይወጣል። ለዚህም ካርቦኔቱ በአሲድ ይባረራል ወይም ብዙ ፎስፌት ተጨምሮ ከዩራኒሉ ወገብ ላይ ይነሣል፤ ፎስፌቱም ቦታውን ይዞ ፍካቱን ያስረዝመዋል።

ከብልጭታው በኋላ መሣሪያው ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ታግሶ ዓይኑን ይከፍታል። በዚያች መዘግየት ውስጥ የዕፀዋት ብስባሽ ውህዶች የናኖ ሰከንድ ፍካታቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ፣ የዩራኒየሙ ብቻ ይቀራል። የተሻሻሉት መሣሪያዎች ፍካቱ በየማይክሮ ሰከንዱ ሲቀንስ ተከታትለው ይመዘግባሉ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተሰልቶ ብልጭታው ባረፈበት ቅጽበት የነበረው ብርታት ይገኛል። ክሎራይድና ብረት የፍካቱን ዕድሜ ቢያሳጥሩም የመነሻውን ብርታት እምብዛም አይነኩም፤ ይህ የስሌት ዘዴ የማክሰምን ችግር በአብዛኛው የሚያስወግደውም በዚህ ነው። ውጤቱን ለማረጋገጥ መጠኑ የታወቀ ዩራኒየም በዚያው ናሙና ላይ ይጨመርና ብርሃኑ በስንት እንዳደገ ይታያል።

ዛሬ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ዩራኒየምን የሚቆጥሩት በማስ ስፔክትሮሜትር ነው። መሣሪያው አቶሞቹን ከየትኛውም ኮምፕሌክስ ነጥሎ ይቆጥራል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ የማያቋርጥ የአርጎን ጋዝና የተረጋጋ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። አቶሙ ከማን ጋር እንደነበረም አይናገርም፤ ናሙናው በሚገባበት የአርጎን ፕላዝማ ሙቀት ሁሉም ኮምፕሌክስ ይፈርሳል። የፍካት መለኪያ በዋጋም በአያያዝም የቀለለ ነው፤ በጎንደርም ሆነ በደባርቅ ለሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሊታሰብ የሚገባው መጀመሪያ ይኸው ነው።

ጠቅላላ መጠኑንም ኮምፕሌክሱንም ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ናሙናው ከምንጩ ሲቀዳ ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ተጣርቶ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አሲዱ ዩራኒየሙ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ ይከላከላል፣ ኮምፕሌክሱን ግን ያፈርሳል፤ ከዚህ የሚገኘው ጠቅላላው መጠን ነው። ሁለተኛው ምንም ሳይጨመርበት፣ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ሞልቶ ተከድኖ በቅዝቃዜ ይጓዛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካመለጠው ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ የካርቦኔቱና የካልሲየሙ መጠን ይለወጣል፤ ፍካቱም በምንጩ ያልነበረ ኮምፕሌክስ ያሳያል። ስለዚህ ፒኤቹ፣ ሙቀቱና ባይካርቦኔቱ ጠርሙሱ ሳይንቀሳቀስ እዚያው ምንጩ ዳር ይለካሉ።